ከመቃብሩ ላይ የተጠረገው ዕቃ

ውድ እትዬ፣

እንዴት ነሽልኝ? ጉልበትሽስ? ዲትሮይት ሙቀቱ በርትቷል ሲሉ ሰምቼ ሳስብሽ ነው የሰነበትኩት። ውሃ ጠጪ፣ ደረጃውን ቀስ ብለሽ ውረጂ። ቨርሊን ሰላም ትልሻለች። ልጆቹ ደህና ናቸው። ትልቁ መኪና መንዳት ስለጀመረ እኔ እንቅልፍ የለኝም እንጂ፣ እኛም ደህና ነን።

ያልደወልኩልሽ በስልክ እንደማልጨርሰው ስለማውቅ ነው። አንቺ ድምፅሽን ከፍ ስታደርጊ ልናገር ያሰብኩት ይጠፋብኛል። ስለዚህ በተራ በተራ ጻፍኩት። ልጅሽ ኬንዳል ነገ ወደ አንቺ ስለሚመለስ ይዞልሽ ይመጣል።

ሰኞ ከሥራ ስወጣ ወደ ቤተሰቡ መቃብር ጎራ አልኩ። እንደየዓመቱ ዘመዱ ከመሰብሰቡ በፊት የበሩን ማጠፊያ ዘይት ልቀባ ነበር። ሳሩ ታጭዷል። መታጨዱ ብቻ ቢሆን እጅሽን እስም ነበር። ቦታው እንደ ኳስ ሜዳ ጠፍጣፋ ሆኗል። ሳህኑ፣ ፋኖሱ፣ ሰዓቱ፣ ዛጎሉ፣ አንድም አልቀረም። ኬንዳል አጥሩ ጋ ቆሞ ፎቶ ያነሳል። ምን አደረጋችሁ ስለው፣ አጎቴ እማዬ ናት እኮ በስልክ ሰዎች ቀጥራ ያስጠረገችው፣ ቆሻሻው ሁለት መኪና ሞላ፣ የእጮኛዬ ቤተሰቦች ሲመጡ እንዳናፍር ብላ ነው፣ አያምርም? አለኝ።

ቆሻሻ። እትዬ፣ ይቺን ቃል ሦስት ቀን ሙሉ እያኘክኋት ነው።

እኔ አስራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ወረቀት ፋብሪካ የገባሁ ሰው ነኝ፣ አንቺ የተማርሽ አስተማሪ ነሽ። ይሄን ግን አያታችን ማማ ኦዜላ ሁለታችንንም ጎን ለጎን አስቀምጣ ነው ያስተማረችን። ሰው ሲሞት እጁ ያልተለየውን ዕቃ መቃብሩ ላይ ታኖሪለታለሽ። ሰንጠቅ አድርገሽ ነው የምታኖሪው፣ የሞት ሰንሰለት እዚያው ይበጠስና ሌላ ሰው እንዳይከተለው። ለድንጋይ አቅም የነበረው ሰው የለም። ዕቃው ነበር ስማቸው። ረስተሽው ከሆነ ልዘርዝርልሽ።

1ኛ. ጄረማያ፣ የማማ ኦዜላ አያት። የፋኖስ እግር። በባርነት ተወልዶ ሃምሳ ዓመት ካለፈው በኋላ በዚያ ፋኖስ ማንበብ ተማረ። መጀመሪያ ያነበበው የመሬቱን ውል ነው፤ ሲያነብ መሬቱን ከጥግ እንደሸረፉበት አወቀ።

2ኛ. ሚስቱ ሴሊ። ትልቁ ነጭ የሾርባ ሳህን። በጌቶቿ ትልቅ ቤት ስንት ዓመት ለሰው ስትቀዳበት ኖራ አንድ ቀን አልቀመሰችበትም። ከዚያ ቤት በወጣችበት ቀን ሳህኑም አብሯት ወጣ። እንዴት ወጣ ብሎ የጠየቀ የለም።

3ኛ. ራንሰም፣ የባቡር ሐዲድ ሠራተኛው። ደወል ያለው ሰዓት። እሱ ለሥራ በሚነሳበት ሰዓት ላይ ነው ያቆሙለት። እንግዲህ ተኛ ማለታቸው ነው።

4ኛ. ፐርሊ፣ የአባባ አክስት። የስፌት መኪና ፔዳል። ያገሩን ሙሽራ ሁሉ አልብሳ ራሷ አላገባችም። ለምን ሲሏት ለኔ የሚሆን ጨርቅ ገና አልተሸመነም ትል ነበር።

5ኛ. ራሷ ማማ ኦዜላ። የሱረት ቆርቆሮዋ። ስለሷ ለአንቺ አልጽፍም።

6ኛ. አባባ ሆሊስ። አረንጓዴው ፔርሙስ። እኔ ለመስበር እጄ እምቢ ሲለኝ አንቺ ነሽ በድንጋይ የመታሽው።

በዚያ እጅሽ ነው እትዬ ይሄን ያስጠረግሽው?

ማክሰኞ ፈቃድ ወስጄ ወደ ከተማው ቆሻሻ መድፊያ ሄድኩ። የፋኖሱን እግር፣ ሰዓቱንና ፔዳሉን አገኘሁ። ፔርሙሱ ተጨፍልቋል። ከዚያ ዲያቆን ቡከር ጋ ሄድኩ፣ ሰማንያ ሦስት ዓመቱ ነው፣ የቤተክርስቲያኑ ቁልፍ አሁንም እሱ ጋ ነው። ከቆሻሻ ያወጣሁትን አይቶ፣ እናንተ ልጆች ሰው ሁለት ጊዜ ትቀብራላችሁ እንዴ? አለኝ። የላክሽለትን ወረቀት አሳየኝ። ስድስት ድንጋይ፣ የፊታችን ሳምንት ቅዳሜ ጠዋት የሚተከል፣ ባጥሩ ሥር በአንድ መስመር፣ በፊደል ተራ፣ ለማጨጃው እንዲመች። ፊርማሽ አለበት።

ለማጨጃው። ሰው አልጠፋ ለማጨጃው አዘንሽ። በእንግሊዝኛው ፊደል ተራ ሲሆን እኮ ሴሊ በ«ሲ» ስለምትጻፍ፣ በሷና በጄረማያ መሃል የሚገባው አባባ ሆሊስ ነው። ዲያቆን ቡከር፣ ሆሊስ በሕይወቱ በሰው ትዳር ገብቶ አያውቅም፣ አሁን ልታስገቡት ነው? አለኝ። እሱ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ትናንት ሲባጎና ችካል ይዘን ገባን። እሱ ወንበር ላይ ተቀምጦ በከዘራው ይጠቁማል፣ እኔ እለካለሁ። አፈሩ የሰጠመበትን፣ እግራቸው ወደ ፀሐይ መውጫ የሆነበትን እያየን ስድስቱንም አገኘናቸው። የማንኛቸውም ቦታ አንቺ ካሰብሽው መስመር ላይ የለም።

ስድስት ችካል። አንቺም ስድስት ድንጋይ።

ትንሿን ኩባያ አላገኘኋትም። ነጯን፣ ሁለት ጆሮ ያላትን። ቆሻሻ መድፊያው ውስጥ ጓንቴ እስኪቀደድ ፈለግኩ። ዲያቆን ቡከር የሕፃኗስ ቦታ የት ነው ሲለኝ፣ ዝግባው ጋ መሰለኝ አልኩት። ያን ቀን እኔ አልነበርኩም፣ ይሄንንስ አንተ ነህ የምታውቀው አለኝ። ሲባጎውን ጠቀለልኩ። ትንሽ ጉድጓድ እንደሆነ አፈሩም አይሰጥምም።

እንዴት ረሳሻት ብዬ ሦስት ጊዜ ጽፌ ሰረዝኩት። ስም አላወጣንላትም። በፊደል ተራ አልገባ ያለችሽ ለዚህ ይሆናል።

ቨርሊን ራት ላይ ኩባያዋስ አለችኝ። ከሌላው ዕቃ ጋር ጋራዥ አስቀምጫታለሁ አልኳት። በየዓመቱ ከዚያ ስመለስ ኩባያዋ አለች? ትለኛለች፣ አለች እላታለሁ። እውነቴን ነበር። ከበሩ ሆኜ ነጩን አየውና እመለሳለሁ። ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ ከአባባ መቃብር አልፌ ሄጄ አላውቅም፣ እትዬ። ይሄን ለማንም አልተናገርኩም።

ያን ቀን ቨርሊን ሆስፒታል ነበረች። እኔ መኪናው ውስጥ ነበርኩ፣ ሞተሩንም አላጠፋሁም። አንቺ ሳጥኗን ታቅፈሽ ገባሽ። ስትመለሺ ጫማሽ ጭቃ ነበር። የት አላልኩሽም።

ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። አንደኛ፣ ለድንጋይ ተካዮቹ ደውለሽ እኔ ሳላሳያቸው አንድ ጉድጓድ እንዳይቆፍሩ ንገሪያቸው። ሁለተኛ፣ የሚመጣው ሐሙስ ነይ፣ ቅዳሜን አትጠብቂ። ኬንዳል ይንዳ፣ አንቺ ከኋላ ሆነሽ እግርሽን ዘርጊ። ሦስተኛ፣ ቨርሊን በር ስትከፍትልሽ ስለ ኩባያዋ ምንም እንዳትያት። እኔ ራሴ እነግራታለሁ፣ ግን ቦታውን ካወቅኩ በኋላ ነው።

ቁጣዬ አልበረደም፣ እንዳይመስልሽ። ስትመጪም እንጣላለን። መጀመሪያ ግን አብረን እንገባለን፤ አንቺ ፊት ፊት ትሄጃለሽ፣ እኔ ችካሉን ይዤ እከተልሻለሁ።

ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ መንገዱን ሜዳ ያድርግልሽ። የልጅሽን ሠርግ ቆመሽ እንድታይ ያብቃሽ።

በሩን ዘይት ቀብቼ የምጠብቅሽ
ታናሽ ወንድምሽ