«ውድ እናቴ» የሚለው ካርድ

ቢቸና፣ ጥር 6 ቀን 1996 ዓ.ም.

ልጄ ባንተአምላክ፣ በሄድህበት ሁሉ ጊዮርጊስ ይቅደምልህ። እኛ ደህና ነን፤ ጤፉ ተወቅቶ ገብቷል፣ ላሟም ወልዳለች።

የገና ካርድህ ደርሶኛል። እህቴ አየሁሽም ከሞጣ ስትመጣ የራሷን ይዛ መጥታ አስተያየነው። የእሷ «ውድ አክስቴ»፣ የኔ «ውድ እናቴ» ከማለቱ በቀር ቃሉ አንድ ነው። ስምህ እንኳን የታተመ ነው። አንተ መቼ እናቴ ብለኸኝ ታውቃለህ? አፍህን ከፈታህ ጀምሮ፣ ከእሷ ሰምተህ፣ እታለም ነው የምትለኝ። እጁን አሞት ይሆን ብዬ ሰጋሁ፤ አየሁሽ ግን «ሥራ በዝቶበት ነው» ብላ ተሟገተችልህ።

ለፋሲካ ካርዱ ይቅርብኝ። በቁራጭ ወረቀት ላይ፣ በገዛ እጅህ፣ «እታለም» ብለህ ጻፍልኝ። ያን እጅህን አምላክ ከክፉ ይጠብቅልኝ።

እስከዚያው ድረስ፣
ውድ እናትህ