ቤልጅጉና ባለመነጽሩ

ሰኞ ኅዳር 1፣ ከቀኑ 11 ሰ.

ደብተሬ፣ ዛሬም ጆንያ። አርባ ጠገንኩ። (ሠላሳ ስምንት ነው።) በእህል በረንዳ እንደኔ ጆንያ የሚጠግን የለም። እኔ የሰፋሁት ጆንያ ጤፍ ቀርቶ ውሃ ቢሞሉበት አያፈስም። የማታ ት/ት ካለቀ ሁለት ሳምንት ሆነው። መምህርቷ እጃችሁ እንዳይረሳ በየቀኑ ጻፉ ብላናለች። እጄስ አይረሳም፤ እኔ ነኝ የምረሳው።

ታፈሰ አሁንም አልመረጠም።

ባሌ አስር አለቃ ታፈሰ። ሲያጥር አ/አ ታፈሰ። አዲስ አበባ ታፈሰ ማለት አይደለም። ማሳጠር የተማርነው በመጨረሻው ሳምንት ነው፤ እኔ ደግሞ የተማርኩትን ሳልጠቀምበት አላድርም። ጡረታ ከወጣ ጀምሮ እሑድ እሑድ ከድሮ ጓደኞቹ ጋር ከከተማ ወጣ ብለው ኢላማ ይተኩሳሉ። ሦስት መቶ ሜትር። ጠመንጃዎቹ የክበቡ ናቸው፤ እዚያው ተቆልፎባቸው ያድራሉ። ታኅሣሥ ላይ ውድድር አለ። ሁሉም አንድ አንድ ጠመንጃ መርጦ በስሙ ያስመዘግባል፤ ከተመዘገበ በኋላ መለወጥ የለም። መዝጋቢው ሻ/ል ወርቁ ናቸው (ሻምበል)። የመጨረሻው ቀን እሑድ ኅዳር 14።

ለታፈሰ የቀሩለት ሁለት ናቸው። አንዱ ቤልጅግ። ሽማግሌ ነው፤ እንጨቱ በእጅ ላብ ጠቁሯል፤ በባዶ ዓይን ነው የሚያነጣጥሩበት። ሌላው አዲሱ ባለመነጽር። ጥቁር፣ ከባድ፣ ሩቁን አምጥቶ አፍንጫህ ሥር የሚያስቀምጥ፣ ሰደፉ ላይ እንኳ ለጉንጭ መደገፊያ የተሠራለት። ሁለቱም አንድ ተኩሰህ ቀጣዩን ጥይት በእጅህ የምታቀባብልባቸው ናቸው። እኔ ብሆን ዓይኔን ሳላሽ አዲሱን። ጓደኞቹ ሁሉ እሱን ይመኙታል። ሦስት ዓመት በተከታታይ አንደኛ ስለሆነ ቅድሚያ ለታፈሰ ሰጡት። እሱ ግን ግራ ገብቶታል።

ረቡዕ ኅዳር 3፣ ጠዋት 1 ሰ.

ቁርስ ሳልሠራ ልጻፍ። ትናንት አመሻሽ ላይ ክር ልገዛ ወጥቼ ስመለስ ታፈሰ ወለሉ ላይ በደረቱ ተኝቷል። መጥረጊያውን እንደ ጠመንጃ ይዟል። ለዚያውም በግራ ትከሻው። ሲያየኝ ደንግጦ ተነሣ። አልጋ ሥር አይጥ አየሁ አለ። አይጧ ስንት ሜትር ላይ ነበረች አልኩት። ምልምል ወታደር እንኳ እንዲህ አይዝም ብዬ ጨመርኩበት። አልሳቀም። ድሮ ይስቅ ነበር፤ እኔን ያገባኝ ለዚሁ ነው።

ሌላ ነገር። ከክረምት ወዲህ መንገድ ስንሄድ በቀኙ ካላደረገኝ አይሄድም። በግራው ከሆንኩ ዞሮ ይቀይረኛል። ሠላሳ ዓመት ከኋላው ስከተለው ኖሬ፣ ዛሬ እንደ ሙሽራ ጎን ለጎን። ለጎረቤቶቼ ነገርኳቸው። በስተርጅና ፍቅር ያዘው አልኳቸው። ቀንተዋል።

እሑድ ኅዳር 7፣ ከምሽቱ 12 ሰ.

አብሬው ሄድኩ። ቤተሰብ ይፈቀዳል። ሻ/ል ወርቁ ባለመነጽሩን በሁለት እጃቸው እንደ ሕፃን አቅፈው አመጡለት። ታፈሰ ተኛ። በቀኝ ትከሻው። አምስት ተኮሰ። ወረቀቱ ሲመጣ ቀዳዳ የለውም። አንድም። ሻ/ል ገልብጠው ጀርባውን ሁሉ አዩት።

አንዱ ጓደኛው፣ «ታፌ፣ ጥይቱን ለነፋስ ትመጸውታለህ እንዴ?» አለው።

ሳቁ። ደብተሬ፣ ዝም ማለት ነበረብኝ። ግን ሰው ሲስቅ ካየሁ አፌ አያርፍም። ቤትም ሲያጎርሰኝ አፍንጫዬን ነው የሚያገኘው አልኩ። በሳቅ መሬት ወደቁ። እኔም ኮራሁ፤ እንዴት ያለ ቀልድ ነው ብዬ። ታፈሰ ብቻ ቁጭ ብሎ ጠመንጃውን ይወለውላል። ሲያበቃ ጨርቁን ገልብጦ እንደገና ወለወለው።

በሚኒባሱ ፊቱን ወደ መስኮት አዙሮ ተቀመጠ። እኔም አኮረፍኩ። ሰው እንዴት በቀልድ ይቀየማል። አውቶቡስ ተራ ስንወርድ አውቄ በግራው ሄድኩ። በቀኝ በኩል አንድ ተሸካሚ ትልቅ ጥቅል ጭኖ፣ ዞር በሉ ዞር በሉ እያለ መጣ። መንገደኛው ሁሉ ዞረ። ታፈሰ አልዞረም። ጥቅሉ ትከሻውን መትቶ አሽከረከረው። ተሸካሚው፣ «አባት፣ አያዩም እንዴ?» አለ።

ታፈሰ ይቅርታ ጠየቀው። እሱ፣ ታፈሰ፣ ይቅርታ።

ቤት ስንገባ ጀርባውን ሰጥቶኝ ጫማውን እየፈታ ነገረኝ። ስሙን ከውድድሩ ሊያስፍቅ ነው። አርጅቻለሁ አለ። ቃሉን እንደ ሰነባበተ ዕቃ አውጥቶ አስቀመጠው። እሑድን ከታፈሰ ላይ ካነሡበት ምን ይቀረዋል። ሳምንቱን ሙሉ የሚላጨው ለእሑድ ነው።

ሰኞ ኅዳር 8፣ ጠዋት 2 ሰ.

ሻይ ሳቀርብለት ስኳሩን ሆን ብዬ በቀኙ አኖርኩ። ስኳር የለም እንዴ አለኝ። አጠገብህ ነው አልኩት። በመዳፉ ጠረጴዛውን ዳበሰ። አንሥቼ በግራው አስቀመጥኩለት። ወዲያው አገኘው። አልቀለድኩም።

ቀኝ። ተሸካሚውም በቀኝ። እኔም በቀኝ። ለካ በቀኙ የሚያደርገኝ በማያየው በኩል እንድሆንለት ነው። ለጎረቤት ያወራሁትን አስቤ ፊቴ ጋለ። ቆይቼ ደግሞ፣ ይኸኛውስ ምኑ ከፍቅር ያንሳል አልኩ።

ረቡዕ ኅዳር 10፣ ከቀኑ 10 ሰ.

አታለልኩት። ማንበብ ከጀመርኩ ወዲህ ዓይኔ ያቃጥለኛል፣ ክሊኒክ ውሰደኝ አልኩት። ዓይኔ የጭልፊት ነው፤ እሱ ግን አመነኝና ኮቱን ለበሰ። ተ/ሃይማኖት አካባቢ ያለ የዓይን ክሊኒክ። ነርሷ መጀመሪያ እኔን ወንበር ላይ አስቀመጠችኝ፤ አንድ ዓይኔን በእጄ ሸፈንኩ።

ደብተሬ፣ ግድግዳው ላይ ያለው ፊደል ሁሉ ጠ ነው። ትልቅ ጠ፣ ትንሽ ጠ። አንዳንዷ ተገልብጣ ሠ ሆናለች። አንዳንዷ በጎኗ ተኝታለች። እኔም እንደ ክፍላችን ድምፄን ከፍ አድርጌ ለቀቅሁት፦ ጠ፣ ሠ፣ ጠ ተኝታ፣ ጠ በሌላ ጎኗ ተኝታ፣ ሠ።

ነርሷ፣ «እትዬ፣ ማንበብ አይደለም፤ እግሮቹ ወዴት እንደዞሩ በእጅዎ ያሳዩኝ» አለችኝ።

ማንበብ እየቻልኩ ለምን እጄን አወናጭፋለሁ አልኳት። እስከ ታች፣ ትንኝ እስከምታክለዋ ድረስ አነበብኩላት። ወረፋ የያዙት በሳቅ አለቁ። ታፈሰም ፈገግ አለ።

ከዚያ፣ እሱንም እግረ መንገድሽን እይልኝ አልኳት። እምቢ ሊል ሲል ነርሷ ወንበሩን አዞረችለት። ቀኙን ሸፍኖ በግራው እንደ ወታደር ተወጣው። ግራውን ሲሸፍን ነርሷ ሰሌዳውን ቀየረች። ከላይኛዋ ይጀምሩ አለችው። የላይኛዋ የቡና ስኒ ታክላለች። ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «ጠ» አለ።

የአሁኗ ግን ተኝታ ነበር። እኔ ስል የሰማውን ነው የመለሰው።

ሳቅ የለም። ሐኪሙ በብዙ መሣሪያ ካየው በኋላ ነገረን። የዓይን ግፊት ነው። ከቀኙ የሄደው አይመለስም። ግራው ገና ደህና ነው፤ ጠብታውን ጠዋት ማታ ካላቋረጠና ክትትሉን ካልተወ ብዙ ይቆይለታል። ጠብታ። እሱም በጠ ይጀምራል። ይህን አፌ ላይ ደርሶ መለስኩት።

ሐሙስ ኅዳር 11፣ ከምሽቱ 12 ሰ. ተኩል

ተናገረ። ራሱን ጭኔ ላይ አድርጎ ጠብታ ስጨምርለት። ከሰኔ ጀምሮ ያውቀዋል። ያልፋል ብሎ ነበር። በመጥረጊያው ደግሞ በግራ ትከሻው እየተለማመደ ነበር። ግራ ገባው ስል የከረምኩት እውነት ነዋ፤ ግራው ነው የገባው አልኩት። ሳቀ። ሳቁ አናወጠውና ጠብታው ጆሮው ውስጥ ገባ። ደገምን።

ከዚያ የጠመንጃውን ነገር አስረዳኝ። የባለመነጽሩ የጉንጭ መደገፊያ ለቀኝ ተኳሽ ነው የተቀረጸው። በግራ ከያዙት ጉንጭን ይገፋል፤ ዓይን መነጽሩ ላይ አይደርስም። ቤልጅጉ ግን ሰደፉ ልሙጥ ነው፤ ቀኝ ግራ አይለይም። ታዲያ ቤልጅጉን ውሰዳ አልኩት። ማቀባበያው በቀኝ ነው አለ። ግራ እጁ ምላጩ ላይ ነው። ቀኙ ጠመንጃውን ከፊት ይደግፍ ወይስ ያቀባብል። ደግሞስ የሦስት ዓመት አንደኛ፣ ሁሉ የሚመኘውን ትቶ ሽማግሌውን አንሥቶ በተሳሳተ ጎኑ ሲተኛ፣ ምን ሆንክ የማይለው ማን አለ። የፈራው መጠየቁን ነው። ጥያቄውን ከምሰማ ስሜን ላስፍቅ አለ።

ያለ ቀልድ የማወራው እንዳልነበረኝ ያን ጊዜ አወቅሁ። ያለፈው እሑድ ላልኩት ይቅርታ አልኩት። የቱን አለኝ። የአፍንጫውን አልኩት። ደህና ቀልድ ነበር አለ፣ ዓይኑን ጨፍኖ።

ቅዳሜ ኅዳር 13፣ ከቀኑ 9 ሰ.

ትናንት ሚካኤል ነበር፤ መርፌ አላነሣሁም። ዛሬ ግን ከጠዋት ጀምሮ ስሰፋ ዋልኩ። ነገሩ ቀላል ነው። ጠመንጃውን ከፊት የሚደግፍለት ነገር ካለ ቀኝ እጁ ለማቀባበል ነጻ ይሆናል። ሌሎቹ ኮታቸውን አጣጥፈው ሥሩ ሲያደርጉ አይቻለሁ፤ ክልክል አይደለም። ይህን ለማሰብ ሻምበል መሆን አያስፈልግም፤ ጆንያ ጠጋኝ መሆን ይበቃል።

ትንሽ ከረጢት፣ ክንድ የምታክል፣ ድርብ ጆንያ። መጀመሪያ ጤፍ ሞላሁባት፤ ሸሸ። ባቄላ፤ ተንኮሻኮሸ። ምስር። ምስር እሺ አለ፤ ሲጫኑት ይረግጋል፣ ሲይዙት ይይዛል። ከምስሩ ሻጭ ጋር ተከራክሬ የተሰበረውን በነጻ አመጣሁ። በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ነገር ሰፍቼ አላውቅም። ይኸ ጉራ አይደለም።

ታፈሰ መጥረጊያውን አስደግፎ ተኛ። ግራው እንዳለ ነው፤ ቀኙ ያቀባብላል። ቀጭ፣ ቀጭ ይላል በአፉ። ሃያ ጊዜ። ሠላሳ። ሲነሣ ጉልበቱ ላይ አቧራ አለ፤ እሱም አላራገፈውም። ከረጢቷን መዘነ፣ ስፌቷን በጣቱ ሄደባት። ጠዋት በስንት ሰዓት እንነሣ አለኝ።

እሑድ ኅዳር 14፣ ከምሽቱ 12 ሰ.

በቅደም ተከተል ልጻፍ።

ሻ/ል ወርቁ ባለመነጽሩን አዘጋጅተው ጠበቁት። ታፈሰ አልፏቸው ሄዶ ቤልጅጉን አነሣ። ከረጢቷን መሬት አኖረ። በግራ ትከሻው ተኛ። ሁሉም እኔን ያያሉ፤ ቀልዱን ይጠብቃሉ። ሻ/ል ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣ «ዘነበች፣ ምን ሆኖ ነው?» አሉኝ። እሱን ይጠይቁት አልኩ። ሌላ ነገር እንዳይወጣ ከንፈሬን ነከስኩ።

ታፈሰ ሰማ። ሳይነሣ፣ ወደ ኢላማው እያየ፣ «ቀኝ ዓይኔ ጠፍቷል፣ ሻምበል። ከእንግዲህ በግራ ነኝ» አለ።

እንዲህ አጭር ነው። ስድስት ወር የተሸከመው። ሻ/ል፣ «ይልቅ ጀምር፣ ነፋሱ ሳይነሣ» አሉት። ሌላው ሰው ሁሉ ወደየቦታው ሄደ።

ከተኳሹ ጎን ሆኖ በማጉያ መነጽር ጥይቱ የት እንዳረፈ የሚነግረው ሰው ያስፈልጋል። አንቺ ሁኚ አለኝ ታፈሰ። ተጠጋሁ፣ ተኛሁ፣ ቀሚሴ አለቀለት። አንድ ነገር ብቻ ለመነኝ። እንዳትጨምሪልኝ አለ። ያረፈበትን ንገሪኝ፤ ካልሆነ ማረም አልችልም።

አንደኛው። ውጭ አልኩት። ሁለተኛው። ውጭ። ደብተሬ፣ ሁለተኛውን ስናገር ውሸት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ዳር ነካ ብዬ ብነግረው ማን ያውቅብኛል። ግን ቀኙ እያቀባበለ፣ ግራው ሳይላቀቅ፣ በምን ያህል ሳተ ብሎ ጠየቀኝ፤ በቀኝ አንድ ክንድ አልኩት፤ ትንሽ አረመ። ሦስተኛው ወረቀቱ ላይ። አራተኛው ወረቀቱ ላይ። አምስተኛው ከጥቁሩ ክብ አንድ ጣት ቀርቶት። ጥቁሩ ውስጥ ግን አንድም የለም። እንደዚያው ነገርኩት።

ተነሣ። ሻ/ል ብዕራቸውን ይዘው ምን ብዬ ልመዝግብ አሉት። ቤልጅግ አለ። ጻፉ። አንደኛ እንደማይወጣ እሱም እሳቸውም ያውቃሉ። ያ የነፋሱን የቀለደው ጓደኛው ከረጢቷን አንሥቶ አገላበጣት፣ ለእኔም ይሰፋልኛል ወይ አለ። ሌሎቹም። ስድስት ትእዛዝ ተቀበልኩ። (አራት።)

አሁን ታፈሰ ጠብታውን ይዞ እየጠበቀኝ ነው፤ ልጨርስ። ወስኛለሁ። በየእሑዱ ከጎኑ እተኛለሁ፤ ለታፈሰ ያየሁትን ብቻ እነግረዋለሁ። ውጭ ከሆነ ውጭ። አልጨምርለትም፣ አልቀንስበትም።

ነገ ጠዋት እህል በረንዳ ለሚጠይቀኝ ግን አምስቱም መሃል ላይ ናቸው።