የመንግሥት ንብረትና የደብረ ብርሃን ብርድ

ኅዳር 21
ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ጓሮ ካለው ነጭ ሳጥን የሌሊቱን ዝቅተኛ ሙቀት ይዞ የሚያቆየውን ቴርሞሜትር አነበብኩ። ሌሊቱ ዘጠኝ ዲግሪ። መዝግቤ ለአዲስ አበባ ላክሁ። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሥራዬ ይኸው ነው።
ሬዲዮው ግን የበጋውን ትንበያ ሲያነብ... «ውርጭ... ከዜሮ በታች...» ከየት አምጥተው? ቴርሞሜትሩ ያለው እኔ ዘንድ!

ኅዳር 23
የሚስቴ የሰብለ እናት እማማ በሰለች ስለ ድንቻቸው ተጨንቀዋል። ከወለጋ ተፈናቅለው ከመጡ ወዲህ በእጃቸው የተከሉት የመጀመሪያው ነው። አምስት መደብ። ውርጭ የሚባል በዓይናቸው አይተው አያውቁም።
«ልሸፍነው ይሆን?»
«አያስፈልግም እማማ። መሣሪያ አይዋሽም።» ኮራ ብዬ።
ሌላ ጉድ... ትርፉ ብርድ ልብስ በየጠዋቱ እርጥብ ሆኖ ይገኛል። ሰብለ ዓይኗ እኔ ላይ ነው። ምን አስባ ነው? በዚህ ዕድሜዬ?!

ኅዳር 26
ስምንት ዲግሪ። ጣቴ ግን እስክሪብቶ አልይዝ አለ። አርጅቼ ይሆን?

ኅዳር 28
ዛሬ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ወደ ጓሮ ብወጣ... እማማ ከሳጥኑ ላይ ብርድ ልብሱን እየገፈፉ!
«እማማ! ምን እያደረጉ ነው?»
«እርስዎ አይደሉ የመንግሥት ንብረት ነው፣ ከተበላሸ እንጀራዬ ነው ያሉኝ? ብርድ ላይ ሲያድር አሳዘነኝ። ማታ ማታ አለብሰዋለሁ።»
ለካ ለአገር ስነግር የከረምኩት የብርድ ልብሱን ሙቀት ነው! አሁን ለአለቃዬ ምን ብዬ ልጻፍ? «ቴርሞሜትሩ ለብሶ ነበር»?
ሬዲዮው የዛሬው ሌሊት ይብሳል ብሏል። ድንቹ! አፈርኩ። የእኚህን ሴት ልፋት በጉራዬ ላስፈጀው ነበር። ቤት ያለውን ብርድ ልብስና ጋቢ ሁሉ አውጥተን መደቦቹን አለበስን። የራሴን ብርድ ልብስ ሳይቀር። የሰብለን መጋረጃም። ሰብለ ባዶውን መስኮት አየች፣ ቀጥሎም እኔን... የሚያስፈራኝም እሱ ነው።

ኅዳር 29
ከዜሮ በታች ሁለት። ላክሁ። ያለፈውንም እውነቱን ጻፍኩ፣ የፈለጉትን ይበሉ።
ሣሩ ሁሉ ነጭ ሆኗል። እማማ ጎንበስ ብለው ነኩት። «ውርጭ ማለት ይሄ ነው? እኔ ጨው የፈሰሰ መስሎኝ።»
አራቱ መደብ አረንጓዴ ነው። አምስተኛው ጠቁሯል። እርቃኑን ነው ያደረው። ማን ገፈፈው?
ቤት ስገባ ገባኝ። ካፖርቴን ለብሼ የተኛሁበት ፍራሽ ላይ... ብርድ ልብሴ። ስነሣ ልብ አላልኩትም።
«እማማ፣ ድንቹስ?»
«ጥርስዎ ሲንቀጫቀጭ እንቅልፍ ነሣኝ። ድንች ተመልሶ ይተከላል። እርስዎም የመንግሥት ንብረት ነዎት።»