ወደ ዲማ ስትሄድ ያደርክባቸው ቤቶች

ይሁኔ ዓለሜ፣

ጥቅምት ላይ ተለይተኸኝ ይኸው ግንቦት ገባ። እንዴት ከረምክ ብዬ ልጠይቅህ አሰብኩና መልሱ በማን በኩል እንደሚመጣልኝ ስለማላውቅ ተውኩት። ይልቅ የእኛን ልንገርህ። ባጃጅህን የእህትህ ልጅ ይነዳታል፤ እንደ አንተ ጥሩምባ ስለማይነፋ ሰፈር ሲገባ ማን እንደመጣ አናውቅም። የስፌት መኪናዬን ከሱቅ አምጥቼ አንተ ከምትቀመጥበት መስኮት ሥር አደረግኳት። ማስተዋል ትምህርቷን ጨርሳ እቤት ናት። ሥራ እስክታገኝ እኔን ትጠብቃለች። ጥቁሬን ገና አላወለቅሁም።

ልጽፍልህ የተነሳሁት ግን ለሌላ ነገር ነው። ዘንድሮ ለጊዮርጊስ ንግሥ ዲማ ሄድኩ፤ ያውም በእግሬ።

በየዓመቱ በሶህን ቋጥረህ ስትወጣ አንድ ነገር ይገርመኝ ነበር። ማርቆስ ውስጥ ከአንተ ፈጥኖ የሚነዳ ባለ ባጃጅ አልነበረም። ወደ ዲማ ስትሄድ ግን ሌላው ሁሉ ተመልሶ ገበያ ከገባ በኋላ ነው የምትመጣው። የት የት አደርክ ስልህ "መንገድ ላይ" ብለህ ትስቃለህ። ስትኖር በሳቅህ ያለፍኩት ጥያቄ ስትሞት እንቅልፍ ነሳኝ። አንዳንዴማ ሌላ ቤት ይኖረው ይሆን እስከማለት ደርሻለሁ። አትቆጣኝ።

ማስተዋል በስልኳ ካርታ አውጥታ መንገዱን ከፋፈለችልኝ። አንድ ቀን ረዘም አድርገን ሄደን እናድራለን፣ በማግስቱ ቁይ፣ ከዚያ ዲማ። በየዓመቱ መንገደኛውን ሰብስበው የሚመሩትን ጎረቤታችንን ቄስ አዱኛን ጠርተን አሳየናቸው፤ ለእግረኛ ደህና ነው አሉ። ይሁኔስ የት ነበር የሚያድረው ብዬ ስጠይቃቸው ግን አሰብ አደረጉና ከእኛ ጋር አድሮ አያውቅም አሉኝ። መንገድ ላይ ያለውን ወንዝ ስትሻገሩ እናንተ ቅደሙ እያልክ ትቀር ነበር። ለብቻው መጸለይ ይወዳል ብለው ነው የተውህ። እኔ ደግሞ አንተን አውቅሃለሁ፤ ለብቻህ ምሳ እንኳ መብላት አትወድም። ማስተዋልን ያን መንገድሽን ዝጊው፣ አባትሽ የሄደበትን እንፈልጋለን አልኳት።

መንገዱ ሰላም መሆኑን ጠይቀን ወጣን። ጉልበቴን ታውቀዋለህ፤ ወንዙን እንደተሻገርን አበጠ። ቄስ አዱኛ ቆመው ሊጠብቁን ሲሉ እንዲያልፉ ለመንኳቸውና ከሌሎቹ ጋር አለፉ። ከልጅህ ጋር እያነከስኩ ስሄድ አንድ ዋንዛ ሥር ሁለት ምርኩዝ ከጎኑ ያስደገፈ ሰው ተቀምጦ አገኘን። ስንቁን ቋጥሯል። ሰላም ብሎን ዓይኑን ከእኛ አሳልፎ መንገዱን ያያል።

"ከማርቆስ ከሆናችሁ ይሁኔን አላለፋችሁትም? ባለ ባጃጁን። ዛሬ አረፈደብኝ።"

ማስተዋል ፊቷን አዞረች። ባለቤቱ ነኝ አልኩት። ልብሴን ከላይ እስከ ታች አየው። ከዚያ ነጠላውን ፊቱ ላይ ሳበ። አጠገቡ ተቀምጬ አብሬው አለቀስኩ። ቀብርህ ላይ ያ ሁሉ ሕዝብ ቆሞ ለካ አንድ ሰው ጎድሎ ነበር።

ስሙ ቢተው መሆኑን ያኔ አወቅሁ፤ የቀረውንም ራሱ ነገረኝ። ከዛፍ ወድቆ ከወገቡ በታች ሲደክም ለጊዮርጊስ ተሳለ። መጀመሪያ በወጣበት ዓመት እግሩን ሊያሳርፍ በተቀመጠበት ሁሉ ሰው ሳንቲም እየጣለለት ያልፋል። አፍሮ ሊመለስ ሲል አንተ መጥተህ ከጎኑ ተቀመጥክ። ሳንቲም አልጣልክም። ማታ የት ለማደር እንዳሰበ ጠየቅኸው። ጉልበቴ ያለቀበት ሲልህ እንግዲያው የሚያልቅበትን ቀድመን እንወቅ አልከው። ለማንም እንዳትነግርበት ያስማለህም እሱ ነው፤ ሰው እንዲያዝንለት አይፈልግም።

እናንተ ሂዱ፣ እኔ አዘገያችኋለሁ አለን።

"እኔ የወጣሁት ይሁኔ ያደረበትን ለማየት ነው" አልኩት። "ከእርስዎ በቀር የሚያሳየኝ የለም።"

ምርኩዞቹን አነሳ።

የመጀመሪያው ቀን ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ እማማ ደብሬ የሚባሉ አሮጊት ደጅ ላይ አቆመን። ለምን እዚህ አልኩ፤ ብርሃን አለ፣ እግራችንም ገና አልዛለም። ከቤቱ ጀርባ የሚጀምረውን ዳገት አሳየኝ። ምርኩዝ ብብት ስለሚልጥ ዳገትን ሁልጊዜ ለጠዋት ታስቀምጥለት ነበር። የእማማ ደብሬ ደጅ ደረጃ የለውም፤ መደቡም ዝቅ ያለ ነው። ቁይ ላይ ደግሞ አልጋ ቤት በየቦታው እያለ ወፍጮ ቤት ወሰደን። እዚያስ ምን አለ ብዬ ገርሞኝ ገባሁ። ሞተሩ ጠፍቶም ክፍሉ ሙቀቱን ይዞ ያድራል፤ የቢተው ወገብ ብርድ አይችልም። ባለወፍጮው የዱቄት ከረጢቱን ገፍቶ ቦታ ሲለቅልን የእኔም ጉልበት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይጠዘጥዘኝ አደረ። እነዚህን ቤቶች እንዴት አገኘሃቸው? ማንን ጠይቀህ? በየቤቱ ገብተህ መደቡን ስትለካ ሰው ምን አለህ? ማስተዋል እያንዳንዱን ስልኳ ላይ ምልክት እያደረገች ትጠይቀዋለች፤ እሱም ደስ ብሎት ይመልሳል።

መንገድ ላይ ምን ታወሩ እንደነበር ስጠይቀው ሳቀብኝ። "ሲሰፉ ከንፈርዎን ይነክሳሉ አሉ" አለኝ። ስለ እኔ የማያውቀው የለም። ዶሮ እንደምፈራ ሳይቀር ነግረኸዋል። ልቆጣህ አስቤ ሳቄ ቀደመኝ፤ ከሞትክ ወዲህ እንደዚያ ስቄ አላውቅም።

ከቁይ ከወጣን በኋላ ዝናብ ያዘን። ጭቃው ምርኩዙን ይውጠዋል። ቢተው ሁለት ጊዜ ወደቀና በሦስተኛው አልነሳም አለ። በጭቃ ጊዜ አንተ ታዝለው፣ እሱም ሲደርቅ ወደ ወደቀበት ተመልሶ በእግሩ ይሄደው እንደነበር የነገረኝ ያኔ ነው። እኔና ማስተዋል ደግሞ ልናዝለው አንችልም። መኪና እንለምን አለች ልጅህ። እሱ ስእለቴ በእግሬ ነው፣ እዚሁ ተዉኝ ይላል። ትቼው ብሄድ አንተን መልሼ የቀበርኩህ ይመስለኛል፤ በዝናብ ባስቀምጠው ደግሞ ሊሞትብኝ ነው። ጨነቀኝ። ማስተዋል በመጨረሻ ጭስ ወደሚታይበት ሮጠች። ቃሬዛ የተሸከሙ ሁለት ጎረምሶች ይዛ መጣችና የማናውቃቸው ሰዎች ቤት አደርን። ያቺን ማደሪያ አንተ አታውቃትም። ደጇ ሰፊ ነው፣ እሳታቸውም ጥሩ ነበር። በማግስቱ ቢተው ወደ ወደቀበት ቦታ በምርኩዙ ተመልሶ፣ መንገዱን ከዚያው ቀጠለ። ማንም አልከለከለውም።

ዲማ ስንደርስ ታቦቱ ገብቶ ሕዝቡ እየተበተነ ነበር። አለቀስኩ። ቢተው ግን ደጃፉን ተሳለመና፣ ከይሁኔ ጋርም ቢሆን ታቦቱ ሲወጣ የደረስነው ጥቂት ጊዜ ነው አለኝ። አንተ ብቻህን ከቁይ ብትነሳ በጊዜ ትደርስ ነበር፤ ያንን ሁሉ ዓመት ለእሱ ስትል ንግሡ አመለጠህ። ከንግሡ ስትመለስ ግን ፊትህ ላይ ቅሬታ አይቼ አላውቅም። ቢተው በደብሩ ቄስ አስጠርቶ ሊያስጸልይልህ የክርስትና ስምህን ጠየቀኝ፤ ኃይለ ጊዮርጊስ አልኩት። እስከዛሬ ሳያውቀው መኖሩ ቆጨው፤ እስኪለምደው ደጋገመው።

ስንመለስ ዋንዛው ሥር ተለያየን። ለከርሞስ አላለኝም፤ ሊጠይቀኝ ፈልጎ እንዳፈረ ገባኝ። ጉልበቴ ከፈቀደ እመጣለሁ፣ ካልፈቀደ ልጄ ትመጣለች አልኩት። ይሁኔ፣ አንተን የማስታውስህ በዚህ ነው። ከአሁን በኋላ ያ ሰው ወሬ ሳይደርሰው መንገድ ላይ ተቀምጦ አይጠብቅም።

ባለቤትህ