ለበርበሬ ችግኝ የኖሩት የዶክተር የሺአረግ ወልደጻድቅ የሕይወት ታሪክ

ዶክተር የሺአረግ ወልደጻድቅ ከበርበሬ ነጋዴው ከአቶ ወልደጻድቅና ከእናታቸው ከወ/ሮ አለም በ1939 ዓ.ም. በቡታጅራ ተወለዱ። እኛ ታናናሾቻቸው እታለም እንላቸዋለን። የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚያው፣ ሁለተኛ ደረጃን አዲስ አበባ ተከታትለው በእርሻ ሳይንስ ተመረቁ። በ1966 ዓ.ም. ከአቶ ገረመው ጋር ተጋብተው ኢዮስያስንና አምለሰትን ወለዱ። በ1974 ዓ.ም. በዕፅዋት በሽታ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ከውጭ አገር ይዘው ሲመለሱ፣ ዘመድ ሁሉ ትልቅ ወንበር ጠበቀላቸው። እሳቸው ግን ወንበሩን ወዲያልኝ ብለው ወደ በርበሬያቸው ሄዱ።

ቅጠል የሚያዥጎረጉረው ቫይረስ ከአንድ ቅጠል ተነሥቶ ተክሉን ሁሉ እንዴት ያዳርሳል? የዕድሜ ልክ ጥያቄያቸው ይኸው ነበር። ቤት በማገር እንደሚቆም ሁሉ ሴልም አጽም የሚሆኑት ቀጫጭን ክሮች አሉት፤ ቫይረሱ እነሱን ተከትሎ ወደ ጎረቤት ሴል መሻገሪያው ቀዳዳ ሳይደርስ አይቀርም ይሉን ነበር። ክሮቹ ቢፈርሱ በሽታው ይዘገይ እንደሆነ ለማየት፣ ገርጂ በሚገኘው ግቢያቸው የታመመውንና ጤነኛውን ችግኝ ለይተው አሳደጉ።

በ1987 ዓ.ም. እናታችን ሲያርፉ ድንኳን እዚያው ግቢ ተተከለ። እድርተኞቻችን፣ እግዜር ይስጣቸውና፣ ለለቀስተኛ ቦታ ለማስፋት ችግኙን ሁሉ አንሥተው አንድ ጥግ ሰበሰቡት። በሽታው በእጃቸው ወደ ጤነኛው ተሻገረ፤ የስንት ጊዜ ልፋት ገደል ገባ! እታለም በሐዘን ላይ ሐዘን ተጨምሮባቸው አንድ ሰው እንኳ አልተቆጡም። ሁሉንም ነቅለው አቃጠሉ፤ እንደገናም ዘሩ። ከዚያ ወዲህ ግን ቄስም ይምጣ ባለሥልጣን፣ በር ላይ በሳሙና ሳይታጠብ አይገባም ነበር። ኩራት ነው ብሎ ያማቸው አልጠፋም። ኩራትስ በደጃቸውም አላለፈም።

በ1990 ዓ.ም. ክሮቻቸው በመድኃኒት በፈረሱ ችግኞች ላይ በሽታው ዘግይቶ ታየ። እልል ልንል ስንል፣ ቆዩ፣ አንድ ጊዜ ማየት አይበቃም ብለው ከለከሉን። ሁለተኛውን ሙከራ እንደጀመሩ የጉበት ሕመም ጣላቸው። ልንጠይቃቸው ስንሄድ እሳቸው የሚጠይቁን ስለ ቅጠሎቹ ነበር። ግንቦት 14 ቀን 1991 ዓ.ም. በተወለዱ በ52 ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸው፣ ልጆቻቸውና እኛ ወንድምና እህቶቻቸው አንጀታችን ተቃጥሏል።

ችግኞቹ አሁንም ግቢው ውስጥ ናቸው፤ የሥራ ባልደረባቸው ወ/ሮ ሣባ ውጤቱን በሚቀጥለው ሳምንት ያያሉ። ስለዚህ በራሳቸው ኑዛዜ ድንኳኑ የተተከለው በጎረቤታቸው በአቶ ሱሌማን ግቢ ነው። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን። አቶ ገረመውን ለማጽናናት ወደ ቤት የምትገቡ ወገኖች፣ ውሃና ሳሙናው በሩ ላይ ነው፤ እባካችሁ እንደ ፈቃዳቸው ታጥባችሁ ግቡ።