የሙሽራው እግር

ውድ ልጄ ዩንሺያ፣

ፖስታውን ስታዪ «አባባ ሞተ» ብለሽ እንዳትደነግጪ። አልሞትኩም። ሞቼ ቢሆን ኖሮ ጎረቤታችን ሉዎ ቀድሞ በስልክ ይነግርሽ ነበር፤ ያ ሰውዬ ደስታውን መደበቅ አይችልም። ጥርሶቼ ሦስት ቀርተዋል፣ ሦስቱም ተኳርፈው አይገናኙም። ጉልበቴ ቁጭ ስል ይጮኻል፣ ስነሳ ይሳደባል። ሌላው ደህና ነው።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትይኝ ይሆናል። ስልክ ላይ አፌ ይቀድመኛል። ገና «ሃሎ» ስትይ አንድ ቀልድ እወረውራለሁ፣ አንቺ ዝም ትያለሽ፣ እኔ ስለ ዝናቡ አወራለሁ፣ ከዚያ ይዘጋል። ሦስት ዓመት እንዲህ አለፈ። እስክሪብቶ ከአፍ ይዘገያል፤ ለእኔ ዓይነቱ ሰው ይሻላል።

እንዲያውም ስለ ዝናቡ ልጀምር። ከገባ ሃያ ቀኑ ነው። ግድግዳው ያልበዋል፣ ግቢው ጭቃ ብቻ ሆኗል። በዚህ መሃል ነው ሙሽራው ያነከሰው። ሙሽራውን አታውቂውም፤ አንቺ መምጣት ካቆምሽ ወዲህ የተፈለፈለ አውራ ዶሮዬ ነው። ላባው ነጭ ሐር፣ ጉትዬው ዓይኑን የጋረደ፣ ቆዳው ከስር እንደ ቀለም የጠቆረ፣ አምስቱም ጣቱ የተሟላ። የእግሩ ላባ እስከ ጥፍሩ ወርዶ መሬት ይጠርጋል፤ ካባውን የሚጎትት ሙሽራ ስለሚመስል ነው ስሙን ያወጣሁለት። ከዶሮ ዘራችን አሥር ምልክት አንድም የማይጎድለው እሱ ብቻ ነው የቀረኝ። ያለፈው ማክሰኞ ደግሞ የዶሮ ዘር ጣቢያዋ ልጅ ንጹሑን ዘር ለመምረጥ የምትመጣበት ቀን ነበር። አሥሩ ካልሞላ በራችን ላይ ያለው «ንጹሕ ዘር» የሚለው ሰሌዳ ይነሳል። ሰሌዳውን ታውቂዋለሽ፤ እናትሽ ለአዲስ ዓመት ከእኔ ፊት በፊት እሱን ነበር የምታጥበው።

ቆይ፣ ሄጄ ልየው።

መጣሁ። አሁንም ተኝቷል። ልቀጥል።

ከምርጫው አምስት ቀን በፊት ነው ማንከሱን ያየሁት። ይዤ ሳገላብጠው የእግሩ ላባ ውስጥ ጭቃና ኩስ ተድበልብሎ፣ ደርቆ ድንጋይ ሆኖ ጣቶቹን አንቆ ይዟል። በየቀኑ ያንን ላባ ሳደንቅ ከስሩ ምን እንዳለ አንድ ቀን ገልጬ አላየሁም። ሉዎ በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ፣

«ላምባ ቀባው!» አለኝ። «አባቴ ላምባ ነበር የሚቀባቸው።»

«አባትህ ስንት ዶሮ ነበረው?»

«ሲጀምር ሃያ።»

«ሲጨርስስ?»

አንገቱን መለሰ።

ለብ ያለ ውሃ በሳፋ አድርጌ እግሩን ነከርኩለት። ጭቃው እስኪላቀቅ ግማሽ ቀን ፈጀ። ቆዳው ጥቁር ስለሆነ መቅላቱ አይታይም፤ በጣት ነው የሚነበበው። ዳሰስኩት፤ እንደ ፍም ያቃጥላል። ከጣቶቹ በላይ ደግሞ የቅልጥሙ ቅርፊት ተነሳስቷል፣ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ከስሩ ወጥቷል፤ ተባይ ገብቶበታል። የሻይ ፍሬ ዘይት ቢቀባ ተባዩ ታፍኖ ይሞታል፤ ዘይቱ ግን ላባው ላይ እየቀረ ቆዳው ጋ አይደርስም። ስለዚህ ላባው መቆረጥ ነበረበት። ከተቆረጠ ደግሞ አሥሩ ምልክት ዘጠኝ ይሆናል።

መቀሱን አነሳሁ፣ አስቀመጥኩ። ሁለት ቀን እንደዚያ ስል ዋልኩ። በሩ ጋ ሄጄ ሰሌዳውን አያለሁ፣ ተመልሼ እግሩን እዳስሳለሁ። ሳላስብሽ በዓይኔ መጣሽብኝ። ዘጠኝ ዓመትሽ፣ ያ የእናትሽ መቀስ በእጅሽ፣ ፊትሽ ጭቃ።

ያን ቀን ከገበያ ስመለስ አሥራ አንድ ዶሮ ግቢው ውስጥ ሱሪያቸውን አውልቀው ይንጎራደዳሉ። «ጭቃው ጣታቸውን እየበላው ነው አባባ» አልሽኝ። አልሰማሁሽም። በማግስቱ የዘር ጣቢያ ሰዎች ሲመጡ ሰሌዳው ሊነጠቅ ሆነ። ያኔ አፌ ተከፈተ፤ «ይቅርታ አድርጉልን፣ ልጄ የዶሮ ፀጉር ቤት ከፍታ ነው! ደንበኛ አጥታ በእኛ ጀመረች!» አልኩ። ሰዎቹ በሳቅ ፈረሱ፤ ላባው እስኪያድግ እስከ መኸር ጊዜ ሰጡን። ሰሌዳው ተረፈ። አንቺ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ በሰፈሩም በትምህርት ቤቱም «የዶሮ ፀጉር ቆራጭ» ሆንሽ። ሰሌዳውን ያተረፍኩት አንቺን መሳቂያ አድርጌ ነው።

አሁን ያልነገርኩሽን ልንገርሽ። አሥራ ሁለተኛዋን፣ ጣሪያ ላይ ወጥታ ያመለጠችሽን ግራጫዋን ታስታውሻለሽ? እንዳትነኪያት ከለከልኩሽ፤ አንዲት እንኳ ሙሉ ትቅርልኝ ብዬ። አሥራ አንዱ ክረምቱን ሲሮጡ ከረሙ። የግራጫዋ ሁለት ጣት ተቆረጠ። ቆማ ጥሬ መልቀም አቃታትና ሞተች። ለአክስትሽ ሰጠኋት አልኩሽ። አክስትሽ በመጣች ቁጥር «ዶሮዬ እንዴት ናት?» ትያታለሽ፤ እሷም ባስጠናኋት መሠረት «ትፈለፍላለች» ትልሻለች። ዩንሺያ፣ ግራጫዋ ከመንደሪኑ ዛፍ ስር ናት። ልክ ነበርሽ። የዚያኑ ዓመት አውቄዋለሁ።

አውቄም ቀልዱን አልተውኩትም። የዛሬ ሦስት ዓመት በሲቲንግ ሠርግ፣ የልጅ ልጄ ሙሽራ ሆና፣ አማቶቿ ፊት «እናቷ በዘጠኝ ዓመቷ የፀጉር ቤት ባለቤት ነበረች፣ ደንበኞቿ በእንቁላል ይከፍሏት ነበር» አልኩ። ሰው ሁሉ ሳቀ። አንቺ የመብያ እንጨትሽን አስቀመጥሽ። ውጭ ስትወጪ ተከተልኩሽ። «አባባ፣ አርባ ዓመት ሊሆነው ነው። አልሰለቸዎትም?» አልሽኝ። ያኔም ሳቅኩ። ምን እንዳሳቀኝ እስከ ዛሬ አላውቅም።

የሙሽራውን ላባ እሑድ ጠዋት ቆረጥኩት። ሙሽራውን በክንዴና በጎኔ መሃል ይዤ፣ በአንድ እጄ መቀስ። ሦስተኛዋን ላባ ስቆርጥ ደም ፈነጠቀ፤ ገና በማደግ ላይ ያለ ላባ ስሩ በደም የተሞላ መሆኑን ረስቼ። ዱቄት ነስንሼ በአውራ ጣቴ ጫን አድርጌ ስቀመጥ ትዝ አለኝ፤ ያን ቀን አሥራ አንዱም ዶሮዎች ላይ አንድ ጠብታ ደም አልነበረም። እዚህም እዚያም ጥቂት ላባ ትተሽ ነበር። እኔ ደግሞ «አቆራረጧ ራሱ የተዝረከረከ» ብዬ ለሰው አውርቻለሁ። ደም ያለበትን ለይተሽ እየተውሽ ነበር። በዘጠኝ ዓመትሽ ማን ነገረሽ? በየትኛው እጅሽስ ይዘሻቸው ነው?

ማክሰኞ የዘር ጣቢያዋ ልጅ መጣች። ፔንግ ትባላለች፣ ጨዋ ልጅ ናት። የሙሽራውን እግር አይታ፣ «አባባ ኳንግ፣ ይሄን ማን አደረገው?» አለችኝ። ሉዎና ግማሹ ሰፈር በር ላይ ተኮልኩሎ አፌን ይጠብቃል። ቀልዱ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር፤ ተዘጋጅቶ፣ ጫማውን አድርጎ።

«እኔ ነኝ» አልኳት። «ጣቱ ሊሞት ነበር።»

«ከእግሩ ላባ በቀር ሁሉም አለው እኮ... ዘንድሮ ልጽፍልዎት አልችልም።»

«አትጻፊ።»

ሰሌዳውን ራሷ ልትነቅለው መሰላል ጠየቀች። ሉዎ ከበር ላይ «የዶሮ ፀጉር ቆራጭ! እኔንም ተራ ያዝልኝ!» ብሎ ጮኸ፤ ሰፈሩ በሳቅ ተንጫጫ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ከዚያ ቤት ገብቼ የሩዝ ሳህኔ ፊት ተቀመጥኩ፤ ሳልነካው መልሼ ከደንኩት። አንድ ቀን ነው የሳቁብኝ ዩንሺያ፣ ያውም በሰማንያ ሦስት ዓመቴ።

የቀኝ እግሩን ነው የጨረስኩት። ግራው ላይ ደም የያዙ ላባዎች ስላሉ መቀስ ላሳርፍበት አልደፈርኩም፤ በየቀኑ እየነከርኩ ጭቃውን ብቻ አስለቅቃለሁ። ጠዋት ጠዋት ዘይት እቀባለሁ። አንድ ሰው ይዞ አንድ ሰው ካልቆረጠ በእኔ ጉልበት አይሆንም። ሉዎን ማስያዝ እችላለሁ፤ ግን ላምባ ደብቆ ይመጣል ብዬ እፈራለሁ። ጭቃው ሲደርቅ ነይ አልልሽም። ይልቅ አሁን፣ ጭቃው እያለ ነይ። የምትሠሪበት የጫማ ፋብሪካ ያለ አንቺ አንድ ሳምንት ጫማ መስፋት አያቅተውም። ስትመጪ አልቀልድም ብዬ አልምልልሽም፤ ከተውኩ በሦስተኛው ቀን እሞታለሁ። በአንቺ ላይ ግን አልቀልድም። ማንም ቢጠይቅ «የዶሮ ፀጉር ቆራጭ» የሚለው ስም የእኔ ነው፤ ለሉዎም ነግሬዋለሁ፤ ደስ ብሎት ቀኑን ሙሉ ይጠራኛል።

ፖስታውን ከማሸጌ በፊት አንዴ ልየው ብዬ ወጣሁ። ቆሟል። በሁለቱም እግሩ ቆሟል። አንዱ እግር ከነካባው፣ ሌላው ራቁቱን፣ ቀጭን፣ ጥቁር፣ በዘይት የሚያብለጨልጭ። አንድ እርምጃ ሄደ፣ ቆም አለ፣ እግሩን አየው፣ ደግሞ እኔን አየኝ። አንድ ቀልድ መጣብኝ ዩንሺያ፣ እጅግ ጥሩ ቀልድ። ዋጥኩት።

መቀሱን ስዬ አስቀምጬልሻለሁ።

አባትሽ ኳንግ፣
የሰፈሩ የዶሮ ፀጉር ቆራጭ