ያልደረሱት አሥራ አንድ ፖስታዎች

ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ
እሑድ፣ ጥቅምት 7 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለውድ ባለቤቴ ለአምሳሉ፣

ሰላምታዬ ባለህበት ይድረስህ። ቀጥዬ «እኔ ደህና ነኝ» ማለት ነበረብኝ፤ ዛሬ ግን ልዋሽህ አልተነሳሁም፣ ደህና አይደለሁም። ልጃችን ሀሴት ደህና ናት። ቤቱም አለ፣ ጋራዡ በምርጫ ፖስተሮችህ ተሞልቶ መኪና አላስገባ አለ እንጂ። ልብስ ላጥብ በገባሁ ቁጥር ሠላሳ ቦታ ሆነህ ፈገግ ትልብኛለህ። ኤርፖርት ያለው አለቃህ ሁለት ጊዜ ደውሎ ነበር፤ ታሟል አልኩት።

በዚህ ዘመን ደብዳቤ መጻፌ ሳይገርምህ አይቀርም። ሦስት ጊዜ ደውዬልሃለሁ፤ ሦስቱንም ጊዜ ገብረየስ አጠገብህ ነበር፣ ስልኩም ስፒከር ላይ ነበር። ቤዝመንቱን ሰጥቶ ያስጠጋህ ሰው ነውና አከብረዋለሁ፤ ይህን ግን እሱም መስማት የለበትም። ብቻህን ሆነህ አንብበው።

ዋሽንግተን ከሄድክ አምስት ሳምንት ሆነህ። አሁንም የፓርቲያችን ጽሕፈት ቤት በር ላይ የተቃውሞ ወረቀት ይዘህ እንደምትቆም ሰምቻለሁ። ለፓርቲው ፕሬዚዳንትነት ከዶክተር አያሌው ጋር ተወዳድረህ በስድስት ድምፅ ተሸነፍክ አሉህ፤ አንተ አልተሸነፍኩም አልክ። ሰውዬው ፓርቲውን ሊመሩ አዲስ አበባ ገብተዋል፣ አንተ «እንኳን ደስ ያለዎት» ለማለት እንኳ እንቢ ብለሃል። እዚህ ሰዉ ሁሉ ሥልጣን አሳበደው ይልሃል። እኔ ግን እንዳላበድክ አውቃለሁ። አሥር ሰዎች ድምፃቸውን በእጅህ ሰጥተውህ፣ ውጤቱ ሲወጣ ስማቸው አልመረጡም ከተባሉት ጋር ተገኘ። የእኔም ስም አብሮ አለ። አንድም ቀን እኔን አለመጠርጠርህ ከሁሉ በላይ ያመኛል።

ምርጫው በኮሮና ምክንያት በፖስታ ይሁን ሲባል፣ መኪና የማይነዱትን አባላት ቤት እየዞርክ፣ ማስክህን አድርገህ በር ላይ ቆመህ የታሸገውን ፖስታ ተቀበልክ። እትዬ ዓለም እጅህን ይዘው መረቁህ። ጋሽ ጀማነህ «ካንተ ሌላ ማንን ልመርጥ ኖሯል?» አሉህ። ይህን እየነገርከኝ ምሳህ ቀዘቀዘ። በመጨረሻው ቀን ሽፍትህ ደርሶ ወደ ኤርፖርቱ ስትቸኩል፣ የእኔን ጨምረህ አሥራ አንዱን ሰጠኸኝ። «ሰኒ፣ ሥራ ስትሄጂ ፖስታ ሣጥን ውስጥ ጣይልኝ» ብለኸኝ ወጣህ።

አልጣልኩትም።

ረሳሁት ብልህ ታምነኛለህ። ሁለት ወር ሙሉ እንደዚያ ብዬ ልነግርህ አስቤ ነበር። ግን አልረሳሁትም። ቤክስሊ ሰፈር፣ የማስታምማቸው ሴትዮ ቤት አጠገብ ካለው ሰማያዊ የፖስታ ሣጥን ፊት መኪናዬን አቆምኩ። መክፈቻውን ሳብኩት፤ እጄ ፖስታዎቹን አልለቅ አለ። ካሸነፍክ በወሩ አገር ቤት ትገባለህ። አገሩ ጦርነት ላይ ነው። ወንድምህ በዚሁ ፖለቲካ ታስሮ ሲፈታ ምን መስሎ እንደወጣ አይቻለሁ፤ ቁስሉን ያጠብኩለት እኔ ነኝ። አንተን ለዚያ አሳልፌ መስጠት አልቻልኩም። ሣጥኑን ዘግቼ ሥራ ገባሁ፤ ፖስታዎቹን ከመኪናው ኋላ ትርፍ ጎማው ሥር ሸጎጥኳቸው።

ይሸነፋል፣ ሳምንት ያኮርፋል፣ ከዚያ ይወጣለታል ብዬ ነበር። ይህን ያህል ዓመት አብሬህ ኖሬ አላወቅኩህም። ድምፅ የቆጠረችውን ሐምራዊትን ዙም ላይ፣ ሁለት መቶ ሰው እየሰማ፣ ሌባ አልካት። ከሀሴት ጋር ያደገች ልጅ ናት። ካሜራዋን አጠፋች። ከዚያ ወዲህ ቸርች መጥታ አታውቅም፣ እናቷም ሂሊያርድ መንገድ ላይ አይታኝ ፊቷን አዞረች። ሀሴት «ማሚ፣ ዳድ ሐምራዊትን ሶሪ እስኪላት አላናግረውም» ስትለኝ፣ አጠገቧ ተቀምጬ እውነቱን ሸሸግኳት። አፌን ብከፍት ሁለታችሁንም የማጣ መስሎኝ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ፖስታዎቹን ከፈትኳቸው። ኃጢአት መሆኑ አልጠፋኝም። ግን አሥራ አንዱም ያንተ ከሆኑ አሸናፊው አንተ ነህ፣ የቀማሁህም እኔ ነኝ፤ ያን ጊዜ ለፓርቲው ራሴ እናገራለሁ ብዬ ነው። ስምና ፊርማ ያለበትን የውጪውን ቀደድኩ፣ የውስጡንም ቀደድኩ፣ ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋኋቸው።

አምሳሉ፣ ያንተ አራት ናቸው። ሰባቱ የዶክተር አያሌው ናቸው።

አላመንኩም፤ ደግሜ ቆጠርኩ። ፖስታዎቹን ልኬያቸው ቢሆን ኖሮ በስድስት ሳይሆን በዘጠኝ ነበር የምትሸነፈው።

እነዚያው በር ላይ መርቀው የሸኙህ ሰዎች ናቸው። ፊትህ ቆመው ሌላ ሰው ነው የምመርጠው ማለት ይሉኝታ ያዛቸው። ልፈርድባቸው አልችልም፤ እኔም ፊትህ ቆሜ አትሂድብኝ ማለት አቅቶኝ ነው ይህን ሁሉ ያደረግኩት። ማን ማንን እንደመረጠ አልነግርህም። ስም ያለባቸውን ፖስታዎች አቃጥያለሁ። ሐኪም ቤት የምታመላልሳቸው፣ ፎርም የምትሞላላቸው ሰዎች ናቸው፤ ስትመለስ እንደ ድሮህ ቀና ብለህ ሰላም እንድትላቸው እፈልጋለሁ። አንዳንዴ እነሱም እንደ እኔ እንዳትርቃቸው ብለው ይሆናል እላለሁ። እውነት ይሁን ራሴን ማጽናኛ፣ አላውቅም።

ወረቀቶቹን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሃለሁ። ለፓርቲው ማሳየት ካሻህ አሳይ፤ ሚስቴ ደብቃው ነው በል። ጉባኤው ፊት ቁሚ ካሉኝ እቆማለሁ። ከሁሉ በፊት ግን ሐምራዊት ጋ ደውልላት። የእኔን ድርሻ ነገ ቤቷ ሄጄ እነግራታለሁ፤ ሌባ ያላት ግን ያንተ አፍ ስለሆነ እሱን ልወጣልህ አልችልም።

ከአራቱ አንዱ የእኔ ነው። ለሚስትነቴ ብዬ እንዳይመስልህ። ከሁለታችሁ ያንን ሕዝብ ከልቡ የሚሰማው አንተ ስለሆንክ፣ ሳላመነታ ነው ምልክት ያደረግኩት። የመረጥኩህም እኔ ነኝ፣ የደበቅኩህም እኔ ነኝ።

ጌታ ባለህበት ይጠብቅህ፤ ይህን የምትችልበት ልብ ይስጥህ።

እስከ ዛሬ ሚስትህ፣
ሰናይት